መካከለኛ ነጥብ ይዞ የኢንጂነሪንግ ማስተርስ መምረጥ፦ ፋይላችሁን የሚያነበው ማን ነው?

ጂፒኤው 2.8 ወይም 2.9 የሆነ የኢንጂነሪንግ ምሩቅ ማስተርስ ሲያስብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የዩኒቨርሲቲዎችን የደረጃ ሰንጠረዥ በመክፈት ነው። ከላይ ያሉትን «እነዚህስ አይሞከሩም» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ወደ ታች ይወርድና «እዚህስ አይከለክሉኝም» የሚልበት ላይ ሲደርስ ማመልከት ይጀምራል። በዚህ መንገድ የወጣ ዝርዝር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ሊቀበለው የሚችል ጥሩ ቦታ ያመልጠዋል፤ ሊቀበለው የማይችል ቦታ ላይ ደግሞ ደረጃው ዝቅ ያለ መሆኑን ብቻ አይቶ ገንዘቡንና ጊዜውን ያፈስሳል።

የደረጃ ሰንጠረዥ የሚሠራው በምርምር ወጪ፣ በመምህራን ብዛት፣ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ኃላፊዎች አስተያየትና በመሳሰሉት ነው። ማመልከቻ እንዴት እንደሚነበብ ከዚያ ላይ አይገኝም። በሰንጠረዡ 100ኛ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ከ3.0 በታች የሆነን ፋይል ማንም ሳይከፍተው ሊመልሰው ይችላል፤ 40ኛ አካባቢ ያለው ደግሞ አንድ ፕሮፌሰር «ይህን ልጅ እፈልገዋለሁ» ካለ 2.85ን ያሳልፍ ይሆናል። ስለዚህ ነጥቡ መካከለኛ የሆነ ሰው ዝርዝሩን መሥራት ያለበት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው እላለሁ፦ ፋይሌን የሚያነበው ማን ነው? የሚያየውስ የትኛውን ቁጥር ነው?

ትራንስክሪፕቱ ውስጥ ስንት ቁጥር አለ

ዝርዝር ከማውጣታችሁ በፊት ጂፒኤያችሁን በአራት መንገድ አስሉት፦ ጠቅላላውን፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ብቻ፣ የዲፓርትመንታችሁን ኮርሶች ብቻ፣ እንዲሁም ልትገቡበት ለምትፈልጉት ዘርፍ መሠረት የሆኑትን አምስት ስድስት ኮርሶች ብቻ። እያንዳንዱን ግሬድ በክሬዲቱ አባዙ፤ የ4 ክሬዲት ሲ በ1 ክሬዲት ላብ ኤ አይካካስም።

ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም 2.9 ይዘው ተመረቁ እንበል። አንደኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 2.5፣ በመጨረሻዎቹ 3.3 አመጣ። ሌላው ተገልብጦ በ3.3 ጀምሮ በ2.5 ጨረሰ። ክሬዲቱ እኩል ከሆነ አማካያቸው አንድ ነው፤ ማመልከት ያለባቸው ቦታ ግን የተለያየ ነው። በካናዳ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስሉት የመጨረሻውን ዓመት ወይም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ውጤት ነው። በአሜሪካም የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ለይተው የሚያዩ አሉ። እነዚህ ዘንድ የመጀመሪያው ልጅ የ3.3 ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው 2.5 ይዞ ይቀርባል። ጀርመን ውስጥ ነጥብ በሚቀየርበት ቀመር ውስጥ (ከታች ይብራራል) በአብዛኛው የሚገባው ጠቅላላው አማካይ ስለሆነ ሁለተኛው ልጅ ቢያንስ እኩል ይቆማል።

ቀጥሎ ሲው የተቀመጠበትን ቦታ እዩ። ኮሙኒኬሽን ለማጥናት ለሚያመለክት ሰው በአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ የመጣ ሲ ብዙም አይጎዳም፤ በሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ የመጣ ሲ ግን ገምጋሚው ጣቱን የሚያሳርፍበት ነው። ሃይድሮሊክስ ለሚፈልግ ፍሉድ ሜካኒክስ፣ ስትራክቸር ለሚፈልግ ስትራክቸራል አናሊስስ እንደዚሁ ነው። መሠረቱ ላይ ክፍተት ካለ ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ጥሩ ውጤት ወዳላችሁበት የዘርፉ ክፍል መዞር ነው፤ ይህ ሽንፈት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ተማሪው ከመጀመሪያውም የሚወደው እሱን ነው። ሌላው ከዲግሪ ፕሮግራም ውጭ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ተመዝግቦ ኤ ማምጣት ነው። ኮርሱ ያው የደከማችሁበት ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው ከበድ ያለ ኮርስ መሆን አለበት፤ በቀላል ኮርስ የመጣ ኤ ማንንም አያሳምንም። እንዲህ የተወሰደ ክሬዲት በኋላ ወደ ማስተርሱ ሲዛወር ገደብ አለው፤ ብትገቡ ስንቱ እንደሚቆጠርላችሁ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ቀመር የሚያነብበት ቦታ

ጀርመን ለእንዲህ ያለ አመልካች የተለየ አገር ነው፤ ምክንያቱም ውሳኔው በአብዛኛው በስሌት ነው። የውጭ ውጤት ወደ ጀርመን ሚዛን የሚቀየረው የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር በሚባለው ነው። ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የእናንተን ነጥብ ትቀንሳላችሁ፤ ከከፍተኛው ላይ ዝቅተኛውን ማለፊያ ትቀንሳላችሁ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍላችሁ በ3 ታባዙና 1 ትደምራላችሁ። 1.0 ምርጥ ውጤት ነው፤ 4.0 የማለፊያ ጠርዝ ነው።

2.9 ያለው ሰው ከፍተኛው 4.0፣ ማለፊያው 2.0 ተብሎ ሲሰላለት 2.65 ያገኛል። ማለፊያው 1.0 ነው ከተባለ ደግሞ ያው 2.9 ወደ 2.1 ይቀየራል። ብዙ ፕሮግራሞች 2.5ን ጠርዝ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ እንግዲህ አንድ ያልተብራራ መስመር ሰውየውን ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣዋል ማለት ነው። በሽታው የሚመጣው ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ ያለው የግሬድ ማብራሪያ አንድን ኮርስ ለማለፍ የሚያስፈልገውንና ለመመረቅ የሚያስፈልገውን ነጥብ ሳይለይ ሲቀር ነው። የትኛውን እንደሚወስድ የሚወስነው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው። የእናንተ ድርሻ ከሬጅስትራር ሁለቱንም ለይቶ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ማያያዝ ነው። በሁለቱም መንገድ አስልታችሁ በጎጂው ስሌት እንኳ የምታልፉባቸውን ፕሮግራሞች ለይታችሁ ያዙ።

ጀርመን ውስጥ ቦታቸው የተገደበና ያልተገደበ ፕሮግራሞች አሉ። ባልተገደበው ውስጥ የተጻፈውን መስፈርት ያሟላ ሁሉ ይገባል፤ እዚያ ፈተናው ከጂፒኤ ይልቅ የኮርስ ይዘት ነው። ፕሮግራሙ «ከሂሳብ ይህን ያህል፣ ከሜካኒክስ ይህን ያህል ኢሲቲኤስ» ብሎ ያስቀምጣል (ኢሲቲኤስ የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ ነው፤ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ኢሲቲኤስ ነው)። በደህና ነጥብ የተመረቁ ሰዎች እዚህ ላይ ሲወድቁ የሚታየው የኮርስ ስም ብቻ ስለሚልኩ ነው። «አፕላይድ ማቴማቲክስ 3» የሚል ስም ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም። ለእያንዳንዱ ዋና ኮርስ የሌክቸርና የላብ ሰዓቱን፣ የርዕሶቹን ዝርዝርና የተጠቀማችሁበትን መጽሐፍ የያዘ ሰነድ አዘጋጁ፤ ዲፓርትመንቱ ያረጋግጠው። ጥቂት ክሬዲት ቢጎድል በመጀመሪያው ዓመት ተጨማሪ ኮርስ እንድትወስዱ በማስገደድ የሚቀበሉም አሉ።

ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ዩኒ-አሲስት በሚባለው ድርጅት በኩል ነው፤ ክፍያው ለመጀመሪያው ፕሮግራም 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ካርልስሩኸና ሽቱትጋርት የሚገኙበት ባደን-ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ ከእነዚሁ ተማሪዎች የራሱን ክፍያ ማስከፈል ጀምሯል።

ብሪታንያም ወደዚህ ትቀርባለች። የአንድ ዓመት ማስተርሳቸው በዲግሪ ደረጃ ይለያል፤ በእነሱ አቆጣጠር ከ60 እስከ 69 ያለው የላይኛው ሁለተኛ፣ ከ50 እስከ 59 ያለው የታችኛው ሁለተኛ ነው። የታችኛውን የሚቀበሉ የኢንጂነሪንግ ማስተርሶች ጥቂት አይደሉም። መግባቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ክፍያው ነው፣ ስኮላርሺፑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የላይኛውን ይጠይቃል።

ኮሚቴ የሚያነብበት ቦታ

በአሜሪካ ፋይሉ ሁለት ደጃፍ ያልፋል። ዲፓርትመንቱ ይመርጣል፤ ግራጁዌት ስኩል የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት ያጸድቃል። በብዛት የሚታየው የ3.0 መስፈርት የግራጁዌት ስኩሉ ነው። ዲፓርትመንቱ የፈለገውን አመልካች ከዚያ በታች ቢሆንም በልዩ ጥያቄ ሊያስገባው የሚችልባቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ይህ መንገድ መኖሩን ከድረ ገጹ ላይ ሁልጊዜ አታገኙትም፤ የዲፓርትመንቱን የግራጁዌት አስተባባሪ በኢሜይል ጠይቁ። «ጂፒኤዬ 2.87 ነው፣ ተስፋ አለኝ?» ብላችሁ አትጻፉ፤ መልሱ «ሁሉንም ማመልከቻ በአጠቃላይ እንመለከታለን» የሚል ይሆናል። «ዲፓርትመንቱ ከ3.0 በታች ላሉ አመልካቾች ልዩ ጥያቄ ያቀርባል? የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ለብቻ ያያል?» ብትሉ ግን አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ይመጣል።

በቅድመ ሁኔታ መቀበል የሚባልም አለ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 9 ወይም 12 ክሬዲቶች ከቢ በታች እንዳታመጡ ይጠይቃል። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በቅድመ ሁኔታ ያለ ተማሪ የማስተማር ወይም የምርምር ረዳትነት አይሰጠውም። በረዳትነት ደመወዝ ለመኖር ያሰበ ሰው ይህን የሚሰማው ከደረሰ በኋላ ከሆነ ችግር ውስጥ ይገባል።

የውጭ ነጥባችሁን ራሳችሁ ወደ 4.0 አትቀይሩት። ማመልከቻው ላይ በትራንስክሪፕቱ እንዳለው ከነሚዛኑ ጻፉ። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ይቀይረዋል፣ አንዳንዱ በግምገማ ድርጅት ያስቀይራል። የራሳችሁ ስሌትና የእነሱ ካልገጠመ ጥርጣሬ የሚያድረው በእናንተ ላይ ነው።

ፕሮፌሰር የሚያነብበት ቦታ

ፈንድ የሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ቴሲስ ያለው ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚያስብ፣ ጉልበቱን ማፍሰስ ያለበት እዚህ ነው። በካናዳ ቴሲስ ላለው ማስተርስ ተቆጣጣሪ ሳያገኙ መግባት በብዙ ቦታ አይቻልም። በአሜሪካም ደመወዙን የሚከፍለው የፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ ከሆነ የእሱ ድምፅ ከኮሚቴው ይበልጣል። ፕሮፌሰሩ የሚፈልገው ደግሞ ሥራውን የሚሠራለት ሰው ነው። ሴንሰር አገጣጥሞ ዳታ መሰብሰብ የሚችል፣ የማስመሰያ (ሲሙሌሽን) ኮድ የሚጽፍ፣ ኮንክሪት ናሙና ሰብሮ ውጤቱን በሥርዓት የሚመዘግብ የ2.9 ተማሪ፣ ይህን ካልነካ የ3.7 ተማሪ ይልቅ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስምና የዘርፉ ጥንካሬ ይለያያሉ። በሃይድሮሊክስ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲና የዩታ ስቴት የውሃ ምርምር ላቦራቶሪ፣ በፖሊመር አክሮን፣ በሴራሚክስ አልፍሬድ፣ በአቪዬሽን ማቴሪያልና ፍተሻ ዊችታ ስቴት፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲስተም ዋሽንግተን ስቴት፣ በማዕድን የሚዙሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከጠቅላላ ደረጃቸው በላይ የሚታወቁ ናቸው። በአውሮፓም ጀርመን ፍራይበርግ ያለው የማዕድን ዩኒቨርሲቲ ከ1765 ጀምሮ ያለ ነው፤ ኦስትሪያ ውስጥ ሌኦበን፣ ለውሃ ደግሞ ኔዘርላንድስ ደልፍት የሚገኘው አይኤችኢ አሉ። ሙያው ውስጥ ያለ ቀጣሪ እነዚህን ስሞች ያውቃል፤ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ አመልካች ግን ያልፋቸዋል።

እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ለማግኘት ከወረቀት ጀምሩ። በምትፈልጉት ርዕስ ላይ ባለፉት ሦስት ዓመታት የታተሙ፣ አንብባችሁ የገቧችሁ አምስት ጽሑፎች ምረጡ። የደራሲዎቹን ዩኒቨርሲቲ መዝግቡ፤ ከዚያ የሚጠቅሷቸውን ላቦች ተከተሉ። ሁለተኛ ዙር ላይ የምታገኟቸው ስሞች ያልሰማችኋቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይሆናሉ፤ የምትፈልጉት እነዚያን ነው። የላቡን ገጽ ስትከፍቱ የቀድሞ ተማሪዎች ከየት መጥተው የት እንደሄዱ እዩ። ሁሉም ከታዋቂ ትምህርት ቤት የመጡ ከሆነ ፕሮፌሰሩ የሚመርጠው በስም ሳይሆን አይቀርም፤ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ከሆነ ፋይል ያነባል ማለት ነው።

ከዚያ ገንዘቡን አጣሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሰጣቸውን የምርምር ድጋፎች በፕሮፌሰሩ ስም መፈለጊያ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ርዕሱን፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ የገንዘቡን መጠን ያሳያል። ዘንድሮ የጀመረ የሦስት ዓመት ድጋፍ ያለው ሰው ተማሪ ይፈልጋል። ድጋፉ ከስምንት ወር በኋላ የሚያልቅና አዲስ የሌለው ሰው ግን ቢወዳችሁም የሚከፍላችሁ ላይኖረው ይችላል። በዚህ ፍለጋ ላይ የሚጠፋ አንድ ሰዓት ከሃያ ኢሜይል ይበልጣል።

ኢሜይሉ ከ200 ቃል አይለፍ። መጀመሪያ ከእሱ ጽሑፍ የትኛው ክፍል ላይ ምን እንዳያችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያ ከዚያ ጋር የሚገናኝ በእጃችሁ የሠራችሁት አንድ ነገር በቁጥር፤ ከዚያ «ለመጪው ፎል አዲስ ተማሪ ይወስዳሉ?» የሚል ጥያቄ። ሲቪና ትራንስክሪፕት በፒዲኤፍ አያይዙ። ጂፒኤውን ደብቃችሁ አትጻፉ፤ «ጠቅላላ 2.9፣ የመጨረሻ ሁለት ዓመታት 3.3» የሚል አንድ መስመር ይበቃል፣ ኋላ ከሚደነግጥ አሁን ይወቀው። የማመልከቻው ቀን ዲሴምበር ከሆነ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ጻፉ። ሁለት ሳምንት ዝም ካለ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ ተዉት። አንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ላሉ ፕሮፌሰሮች ሁሉ ያንኑ ጽሑፍ መላክ ነገር ያበላሻል፤ ቢሯቸው ጎን ለጎን ነው፣ ይነጋገራሉ።

ቁጥሩን የሚያግዙት ወረቀቶች

ሪኮመንዴሽን ለመካከለኛ ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ። 150 ተማሪ ባለበት ክፍል ኤ የሰጣችሁ መምህር «ጎበዝ ተማሪ ነው» ከማለት ውጭ የሚለው የለውም። ቢ ሰጥቷችሁ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ሲከታተል የነበረው ግን የተበላሸውን ሰርኪት እንዴት እንዳገኛችሁት፣ ምን ያህል ምሽት ላብ እንዳመሻችሁ መጻፍ ይችላል። እሱን ምረጡ። ሪፖርታችሁን፣ ትራንስክሪፕቱንና የዓላማ መግለጫችሁን ረቂቅ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድማችሁ ስጡት፤ የነጥቡን ነገር ራሱ እንዲያነሳው ለመጠየቅ አትፈሩ። «ትራንስክሪፕቱ ችሎታውን አያሳይም» የሚለው ቃል ከመምህር ሲመጣ ምስክርነት ነው፤ ከአመልካቹ ሲመጣ ሰበብ ይመስላል።

በዓላማ መግለጫው ላይ ዝቅተኛውን ነጥብ ማስረዳት የሚያስፈልገው እውነተኛና የተዘጋ ምክንያት ሲኖር ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንዳበቃ፣ ከዚያ በኋላ ውጤቱ እንዴት እንደተቀየረ። መግቢያው ላይ አታድርጉት። ማመልከቻው የተጨማሪ መረጃ ሣጥን ካለው እዚያ ይግባ።

ጂአርኢ የሚባለው የማስተርስና የፒኤችዲ መግቢያ ፈተና በብዙ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች ቀርቷል ወይም በፈቃድ ሆኗል። «አናይም» ያለ ቦታ አትላኩ። በፈቃድ የሆነበት ቦታ ላይ በሂሳቡ ክፍል ከ170 ውስጥ 165ና ከዚያ በላይ ካላችሁ ላኩት፣ መካከለኛ ጂፒኤን ይደግፋል። ከ160 በታች ከሆነ በእኔ ግምት ባይላክ ይሻላል። በ21 ቀን ልዩነት ደግሞ መፈተን ይቻላል፤ ውጤቱም ለአምስት ዓመት ያገለግላል።

ሌላም በር አለ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር በኮርሴራ በኩል በሚሰጣቸው እንደ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ባሉ ማስተርሶች የቀድሞ ትራንስክሪፕት አይጠይቅም፤ የተወሰኑትን የመግቢያ ኮርሶች በሚፈለገው ነጥብ ያለፈ ይገባል። በኦንላይን ስለሆነ ቪዛም ሆነ ረዳትነት አያስገኝም። ሥራ ላይ ላለና ያለፈው ነጥብ እንቅፋት ለሆነበት ሰው ግን ንጹሕ መንገድ ነው።

ዝርዝሩን መዝጋት

ስምንት ማመልከቻ ለብዙ ሰው ይበቃል። ከስምንቱ ሁለቱ መስፈርታቸው ከነጥባችሁ በላይ ሆኖ መልስ የሰጣችሁ ፕሮፌሰር ያለባቸው ይሁኑ፤ ሦስት ወይም አራቱ ጠርዝ ላይ ሆናችሁ የላቡ ሥራ የሚገጥምባቸው፤ የቀሩት በራሳቸው አቆጣጠር መስፈርቱን በግልጽ የምታልፉባቸው። ፕሮፌሰር ያልመለሰላችሁና ከመስፈርት በታች የሆናችሁበትን ቦታ ሰርዙት፣ የማመልከቻ ክፍያው ይቀርላችሁ።

በቀላሉ የሚቀበሉትን ከሁሉ በላይ መርምሩ። የኮርስ ካታሎግ ላይ 40 ኮርስ ተጽፎ በሴሚስተር አራት ብቻ የሚሰጥበት ቦታ አለ፤ ስለዚህ ካታሎጉን ትታችሁ ያለፉትን ሁለት ሴሚስተሮች የክፍል ፕሮግራም ክፈቱ። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ ቴሲሶችን በዲፓርትመንት ፈልጉ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት በዘርፋችሁ አንድም ከሌለ ምርምር የለም ማለት ነው። ክፍያውን በክሬዲት ሳይሆን በጠቅላላ አስሉት፦ በአሜሪካ ማስተርስ በአብዛኛው 30 ክሬዲት ነው፣ ሙሉ ጊዜ የሚባለው በሴሚስተር 9 ስለሆነ አራት ሴሚስተር ይነካል።

ሲቀበሏችሁም ሁለት ነገር አለ። በአሜሪካ የገንዘብ ድጋፍ ያለው ቅበላ ከመጣ፣ የግራጁዌት ትምህርት ቤቶች ካውንስልን ስምምነት የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንድትሰጡ ሊያስገድዷችሁ አይችሉም። በራሳችሁ ወጪ የምትማሩበትን ቅበላና የቦታ ማስያዣ ክፍያውን ግን ይህ ስምምነት አይሸፍነውም፤ እዚያ ላይ የራሳቸው ቀን ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ከገቡ በኋላ ያለው 3.0 ነው። በብዙ ቦታ ከዚያ በታች አንድ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛው መሰናበት ሊሆን ይችላል፤ ረዳትነቱ ከዚያም ቀድሞ ሊቋረጥ ይችላል። ሁለቱን ከባድ የግዴታ ኮርሶች በመጀመሪያው ሴሚስተር አብራችሁ እንድትወስዱ የሚያስገድድ ፕሮግራም እንደሆነ፣ ወይስ አንዱን ወደ ሁለተኛው ማሳለፍ እንደሚቻል ከመፈረማችሁ በፊት አስተባባሪውን በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይኑራችሁ።